አራት ብሎን

ባሌ «ስልኩን ያዢልኝ» ካለኝ ሁለት ወር አልፎት ነበር። የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት ግን ድንገት ከመኝታ ቤት ወጣ፤ ጠረጴዛውን በክንዱ ጠረገ፤ ያቺን ነጭ ሳጥን መሃል ላይ አኖራትና «ስልኩን ያዢልኝ፤ ልከፍታት ነው» አለኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መርፌ ወጋኝ ብዬ አልደነግጥም። የዚያን ቀን ግን አጥንቴ ድረስ ነው የገባው። ሳጥኗ ውስጥ ምን እንደሌለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ካለዚያ እኔን ለመስደብ እንኳ አይመቻችሁም።

ባሌ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው ፍሪጅ ሲጠግን ይውልና ቅዳሜና እሁድ ከወዳደቀ ዕቃ የማይሠራው ነገር የለም። ሰፈሩ «መሐንዲሱ» ይለዋል፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በሹፈት። ከተቃጠለ ልብስ ማጠቢያ ሞተር አውጥቶ ማራገቢያ ሠራ፤ ሲበራ መጋረጃዬን ከነብረቱ ነቅሎ ጣለው። ከብስክሌት ቸርኬ የሰሃን መደርደሪያ ሠራ፤ እየተሽከረከረ ሰሃን ይወረውራል። ይህን ሁሉ እንቀርጻለን። እሱ ያወራል፣ እኔ ስልክ እይዛለሁ፣ ሲያልቅ ደግሞ እኔው ቁጭ ብዬ ቪዲዮውን እቆርጣለሁ። «ጨርቅ የቆረጠ እጅ ቪዲዮ አያቅተውም» ይለኛል። ሲያስነጥስ፣ ጣቱን ሲቀጠቅጥ፣ በሞተሩ እናት ሲሳደብ የተቀረጸውን ሁሉ አውጥቼ እጥላለሁ። እንከን የሌለበት ሰው አድርጌ ነው የምለቀው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ተከታይ አለን።

ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ አንደኛዋ እናቱ ነበሩ። አማቴ ከእኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ አንድ ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። መጻፍ አይችሉም። ቪዲዮው በወጣ በደቂቃ ውስጥ ግን ሦስት የሚያጨበጭቡ እጆች ምስል ከሥሩ ይልካሉ፤ ማንም ቀድሟቸው አያውቅም። ምላሳቸው ነው እንጂ ክፉ ሰው አልነበሩም። እኔን አልወደዱኝም፤ እኔም ወደድኳቸው ብዬ አሁን ከሞቱ በኋላ አላስመስልም። ተቻችለን ነበር።

ብርዱ ሲገባ አማቴ በር ዘግተው ከሰል መሞቅ ጀመሩ። ባሌ ለመናቸው፣ ተቆጣቸው፣ አንድ ቀን ምድጃውን ይዞባቸው ወጣ። በነጋታው ሌላ ገዙ። «እማዬ፣ የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፤ አዘናግቶ ነው የሚወስድሽ» ሲላቸው «አንተን በምን አሙቄ ያሳደግሁህ መሰለህ? በጸሎት?» አሉት። እሱም ተናዶ ሳጥን ሊሠራላቸው ተነሳ፤ መርዙ ክፍሉ ውስጥ ሲጠራቀም የምትጮህ ሳጥን። የሳጥኗ ዋናው ነገር መርዙን የምትለየው አንዲት ክብ ብረት ናት። ሴንሰር ይሏታል፤ እኛ ቤት ግን ስሟ «አፍንጫ» ነው። አፍንጫዋን ከሩቅ አገር አዘዘ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ አፍንጫ የለም። ቪዲዮ ካወጣን ስለሰነበትን ተከታዮቹ «መሐንዲሱ ሞተ እንዴ?» ማለት ጀምረዋል።

«ሐሳቡ እንደሆነ ትክክል ነው» አለ ባሌ። «ስትመጣ እገጥማታለሁ። ለጊዜው እንቅረጸው።»

አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ነጭ የምሳ ዕቃዎች ገዝቶ ነበር። በአንደኛው ውስጥ ባትሪ፣ ደወልና ቀይ አምፖል ከተተ፤ ከጀርባው ትንሽ ቁልፍ አደረገ፤ ክዳኑን በአራት ብሎን አሰረ። ከዚያ የሚጤስ ወረቀት አስጠግቶ በአውራ ጣቱ ከጀርባ ቁልፏን ሲጫን ሳጥኗ ጮኸች። እኔ ጣቱ እንዳይታይ ከፊት ለፊት ቆሜ ቀረጽኩ። «ይኸው! ከምሳ ዕቃ ነፍስ አዳኝ!» አለ። እንደዚያ ቪዲዮ የታየልን የለም። ሦስቱ እጆችም እንደ ልማዳቸው ቀድመው መጡ።

አፍንጫዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረሰች። ባሌ በሁለተኛው የምሳ ዕቃ እውነተኛዋን ሠራ። ያው ቀይ አምፖል፣ ያው አራት ብሎን፣ ከጀርባዋም ያው ቁልፍ፤ «የደንቡ መሣሪያ መሞከሪያ አለው» ይላል። ቪዲዮውን ያየ ሰው ልዩነቱን እንዳያውቅ ቁርጥ አንድ አደረጋቸው። ከውጭ እኔም አልለያቸውም ነበር። እውነተኛዋን ግን እናቱ ጋ ከመስቀሉ በፊት ሳምንት ልሞክራት ብሎ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወሰዳት። የቪዲዮዋ እኛ ቤት መደርደሪያ ላይ ቀረች።

ሰኞ ዕለት አማቴ ሳያንኳኩ ገቡ። ደንበኛዬ ግማሽ የተሰፋ ቀሚስ ለብሳ መስታወቱ ፊት ቆማለች፤ አፌ ሙሉ ስፒል ነው።

«የልጄን ሳጥን ስጪኝ።»

«አላለቀችም እማማ። ሊሞክራት ወስዷታል።»

«ይቺስ ምንድን ናት?»

«ይቺ የማሳያ ናት።»

«ምን ማሳያ! በዓይኔ በብረቱ ስትጮህ አይቻታለሁ። ወይስ ለእናቱ አይገባም ብለሽ ነው?»

እስቲ ፍረዱኝ። ለእናት፣ ያውም ሰው ፊት፣ «ልጅዎ አራት መቶ ሰው አጭበርብሯል» እንዴት ይባላል? ማለት ነበረብኝ። አሁን አፌ ይቆረጥ ብል ምን ዋጋ አለው፣ ያኔ ነበር መከፈት የነበረበት። ክብሪት ጫርኩ፤ ሳጥኗን አስጠጋሁ፤ ባሌ እንዳደረገው በአውራ ጣቴ ከጀርባ ተጫንኩ። ጮኸች። አማቴ እንደ ሕፃን አጨበጨቡ። ቁልፏንም አሳየኋቸው፤ «ጠዋት ጠዋት መሞከሪያ ናት» አልኳቸው። ባሌ ለአራት መቶ ሰው ዋሸ፤ እኔ ለአንዲት ሴት። የኔ ይብሳል፤ አውቃለሁ።

ለሦስት አራት ቀን ነው ብዬ ነበር። እውነተኛዋ ስትመጣ ሄጄ ለውጬ እመለሳለሁ፤ ማንም ሳያውቅ፣ እናትም ሳይቀየሙ፣ ልጅም ሳያፍር። አማቴ ሳጥኗን ታቅፈው ሄዱ። ጎረቤታቸው የሆኑት ጡረተኛ መምህር ሚስማር መትተው ግድግዳው ላይ ሰቀሉላቸው።

ዓርብ ባሌ እውነተኛዋን ይዞ መጣ። ደስታው ፊቱ ላይ ይታያል። ሰባት ቀን በከሰል ጭስ ፈትኗት አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተችም። እሱ በማግስቱ ማለዳ ሌላ ከተማ የተበላሸ የሥጋ ማቀዝቀዣ ቤት ሊጠግን ለአሥር ቀን መሄዱ ነው። «ነገውኑ ውሰጂላት። መምህሩ ይስቀሉላት» አለኝ። የመጀመሪያዋ እዚያ ተሰቅላ እንዳለች አልነገርኩትም። መደርደሪያውንም አላየም። ነገ ስለምለውጣት ለምን አሁን ነገር ላንሳ? አልኩ።

ቅዳሜ ሳጥኗን በዘንቢል ይዤ ሄድኩ። የአማቴ በር ገርበብ ብሏል፤ ውስጥ ከመምህሩ ጋር ያወራሉ፤ ስለ ሳጥኗ ነው ወሬው። መምህሩ «ምራትዎም ትረዳዋለች አሉ» ሲሉ ሰማሁ። አማቴ ሳቁ።

«ምን ትረዳዋለች! ስልክ ትይዝለታለች። ስልክ ነዋ የምትይዘው፤ ልጅ መያዝማ አልሆነላት።»

ስድስት ዓመት ነው በየሐኪም ቤቱ የተንከራተትኩት። ያውቃሉ። መድኃኒቱን እጄን ይዘው አስገዝተውኛል። በሩን ሳልነካ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ቤት ስደርስ ሳጥኗን ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሥር ከተትኳት። ነገ እሄዳለሁ፣ ዛሬ ግን ዓይናቸውን ላየው አልችልም አልኩ። እሁድ፣ ነገ። ሰኞ፣ ነገ። ኩርፊያ እንዲህ ነው፤ ሌላውን የቀጣሽ እየመሰለሽ ቀኑን የምትቆጥሪው አንቺው ነሽ። ብርዱ በነዚያ ቀናት ጠንቶ የቧንቧው ውሃ ጠዋት ጠዋት አልወርድም ይል ነበር።

ባሌ ከሄደበት በየቀኑ ጠዋት ይደውልላቸዋል።

«እማዬ፣ ተጫንሻት?»

«ተጭኛታለሁ።»

«ጮኸች?»

«ጮኸች ልጄ፣ ደህና አድርጋ ጮኸች።»

ይህን ለኔ ደውሎ ነገረኝ፤ እየሳቀ። «ሰቀልሻት አይደል? እጅሽን ይባርከው» አለኝ። ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ እንደ አዎ ይቆጠራል።

ማክሰኞ ጠዋት ሲደውል አላነሱም። መምህሩ በሩን ሰብረው ገቡ። ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል፤ ከሰሉ ነጭ አመድ ሆኗል። ሳጥኗ ግድግዳው ላይ ናት። መምህሩ ግራ ገብቷቸው ወጥተው ሲያለቅሱ «ቁልፏን ብጫናትማ ትጮኻለች! ታዲያ ምን ነካት?» ይሉ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳጥኗን አያለሁ። ሰዎች ደግፈው አስቀመጡኝ፤ «አይዞሽ፣ አማትም እናት ናት» አሉኝ።

ቀበርናቸው። ባሌ ከቀብር በቀጥታ ወደ እናቱ ክፍል ሄዶ ሳጥኗን አወረዳት። ሳይከፍታት የመሣሪያ ቆርቆሮው ውስጥ ቆለፈባት፤ ቁልፉን በክር አንገቱ ላይ አሰረው። «አፍንጫዋን አጥብቄ አልበየድኳትም። ስትሰቀል ተነቅላለች» አለኝ። «የገደላት እጄ ነው።»

«አይደለም» አልኩት። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

«አታጽናኚኝ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ቤት እያደር ጨለመ። እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፍሪጅ ሲበይድ ቧንቧ በሳ፤ አለቃው ሁለት ጊዜ ዝም ብሎት በሦስተኛው «እስቲ ትንሽ ዕረፍ» ብሎ ወደ ቤት ላከው። ማራገቢያውን ፈታው፣ መደርደሪያውን ፈታው። ከዚያ ቁጭ ብሎ እጁን ያያል። አንድ ቀን ምሳ እያቀረብኩለት «ድሮም እጄ አይረባም ነበር፤ እናቴ ብቻ ናት የምታጨበጭብልኝ» አለ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ብናገር ግን እናቱን የገደልኩት እኔ ልሆን ነው። ማን ይህን በአፉ ያወጣዋል? አንዱን ቀን በሌላው ገፋሁት።

አንድ ጠዋት እሱ ሳይኖር እውነተኛዋን ከመሳቢያዬ አወጣኋት። ጓሮ ካለችው ትንሽ ዕቃ ቤት ከሰል አቀጣጥዬ አስገባሁ፤ ሳጥኗን አጠገቡ አስቀመጥኩ፤ በሩን ዘግቼ ውጭ ቆምኩ። ምን ብዬ እንደጸለይኩ ልንገራችሁ? እንዳትጮህ። ካልጮኸች ኩርፊያዬ ማንንም አልገደለም ማለት ነው፤ ብወስድላቸውም ያው ነበር ማለት ነው። የባሌ ሥራ ከንቱ እንዲሆን፣ እጁ እውነትም የማይረባ እንዲሆን፣ እጆቼን ዘርግቼ ለመንኩ። ብዙም አልቆየች። ጮኸች። ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች። በቀሚሴ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ አፍኜ ወደ መሳቢያዋ መለስኳት።

ከዚያ በኋላ ነው ያ ሰው የጻፈው። ከማናውቀው ቦታ አንድ ተከታይ፣ በድሮው ቪዲዮ ሥር፣ «መሐንዲሱ እግዜር ይስጥህ። እንዳሳየኸው አድርጌ ሠርቻት የልጆቼ መኝታ ክፍል ሰቅያታለሁ» ብሎ ነበር። ባሌ አንብቦት ቆሞ ቀረ። ቪዲዮውን ሊያጠፋው እጁን ላከና መልሶ ተወው፤ «ባጠፋውስ? የሠራው ሠርቷል» አለ። የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት ነው ቆርቆሮውን የከፈተው።

ስልኩን ያዝኩ። ሌላ ምን ላድርግ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ፣ ወደ ስልኩ እያየ። ጢሙ አድጓል። «ከምሳ ዕቃ የሠራናትን ታስታውሳላችሁ። ያቺ ውሸት ነበረች። የጮኸችው በአውራ ጣቴ ነው። ይቅር በሉኝ። ይቺ የምታዩአት ግን ሁለተኛዋ ናት፤ የእውነቷ። አፍንጫ አላት። ፈትኛታለሁ። እናቴ ክፍል ተሰቅላ ሳለ እናቴ ሞተች። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ከፍቼ ላሳያችሁ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት።»

አንደኛውን ብሎን ፈታ። ካቻቪቴው ሁለት ጊዜ አዳለጠው። አሁን ልናገር አልኩ። ሁለተኛው ወጣ። አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ሦስተኛው ዝጎ አስቸገረው፤ ደጋግሞ ታገለው፤ ለኔ የተሰጠኝ ጊዜ ያ ነበር፤ አላወቅሁም አልልም። አራተኛው ወዲያው ወጣ።

ክዳኑን አነሳ። አጎንብሶ አየ። ባትሪ፣ ደወል፣ አምፖል፣ ወደ ቁልፏ የሚሄድ አንድ ሽቦ። አፍንጫዋ የምትቀመጥበት ቦታ እንኳ አልተበሳም። ሳጥኗን አገላበጣት። ከዚያ ቀና አለ፤ ወደ ስልኩ ሳይሆን ከስልኩ በላይ፣ ወደ እኔ።

«የታለች?» አለ።

«መሳቢያዬ ውስጥ።»

«ይቺን ለእማዬ ማን ሰጣት?»

«እኔ። መጥተው እሷኑ ካልሰጠሽኝ አሉ። ልለውጣት ስሄድ ስለኔ ሲያወሩ ሰማሁና ተቀየምኩ። ሦስት ቀን ተቀየምኩ።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሳጥኗን ይወረውርብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ድምፁ እንዳይሰማ የፈራ ይመስል ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ያቺኛዋ ትሠራለች?»

«ትሠራለች።»

«በምን አወቅሽ?»

«ሞክሬያታለሁ። ወዲያው ነው የጮኸችው።»

ሁለት ወር ሲንቀጠቀጡ የነበሩት እጆቹ ጠረጴዛው ላይ ጸጥ አሉ። አየኋቸው። በመላ ሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ያፈርኩበት የለም። ይህን ሁለት ወር ሙሉ ልሰጠው እችል ነበር።

«አምጫት» አለ። አመጣሁለት። ከጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ወደ ስልኩ ተመለሰና በደረቅ ድምፅ ተናገረ፦ «እናቴ የሞተችው በዚችኛዋ ሥር ነው። ቪዲዮው ላይ ያያችኋት ናት። አፍንጫ የላትም። እኔን ብላችሁ የሰቀላችሁ ዛሬውኑ አውርዱ። ከሰል ካላችሁ በር ክፈቱ።» ጨረሰ። ማን እንደሰጣት ግን አልተናገረም። ጃኬቱን ለበሰ፤ እውነተኛዋን ብብቱ ሥር አደረገ።

«የሚቆረጠውን ቁረጪ» አለኝና ወጣ።

ቁጭ ብዬ ቪዲዮውን ከፈትኩ። ሥራዬ ነው፤ አውቅበታለሁ። ከ«የታለች» እስከ «ወዲያው ነው የጮኸችው» ያለውን ማውጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ናት፤ ስፌቱም አይታወቅም ነበር። ለስንት ዓመት የሱን ስድብና እንጥሻ ስቆርጥ ኖሬያለሁ፤ የኔን አንድ ጊዜ ብቆርጥ ማን ያውቃል? ጣቴን አስቀመጥኩ፣ አነሳሁ። ከዚያ እንዳለ ለቀቅኩት። ድምፄ፣ ቅያሜዬ፣ ሦስቱ ቀኔ፣ ሁሉም አለ።

ልማድ ክፉ ነው፤ ሦስቱን የሚያጨበጭቡ እጆች ጠበቅሁ። ሥሩ ባዶ ሆኖ ቆየ። ምሽት ላይ ያ ሰው አንዲት ቃል ጻፈ፦ «አውርጃታለሁ።» ከሱ በኋላ የመጡት ለኔ የተጻፉ ናቸው፤ አልደግማቸውም፤ ውሸት ግን የለባቸውም።

ባሌ አልተመለሰም። እናቱ ክፍል ገብቷል። ወደ ሥራው እንደተመለሰ፣ እጁም እንደተሻለው የነገሩኝ መምህሩ ናቸው። ሳጥኗን በዚያው ሚስማር ሰቅሏታል። «ጠዋት ጠዋት ይጫናታል። ከዚያ ስልኩን ይዞ ትንሽ ይቆማል» አሉኝ። ለምን እንደሚቆም መምህሩ አልገባቸውም። ለኔ ገባኝ። በዚያ ሰዓት እናቱ ጋ ይደውል ነበር።

አሥራ ሰባት ጠዋት ስልኬን አንስቼ መለስኩት። በአሥራ ስምንተኛው ደወልኩ። አነሳው። ትንፋሹ ይሰማል።

«ጮኸች?» አልኩት።

«ጮኸች» አለና ዘጋው።